የቃሬዛ ተራ

የጥድ አምባን ሰው ክፉ አመል አለበት ብሎ የሚያማው ቢኖር፣ የሚያማው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳ ሲመጣበት ችግሩን ይደብቃል። ቤቱ ቢያፈስ እንግዳውን ደረቁ ላይ ያስቀምጣል፣ ጎተራው ቢራቆት ከጎረቤት ተበድሮ ያበላል፣ ልጁ ታማ ብትተኛ "ትንሽ ደክሟት ነው" ይላል። እንግዳውም ጠግቦና መርቆ፣ "እንዴት ያለ የሞላለት አገር ነው" እያለ ይሄዳል። ለዘመድ ሲሆን ይህ ጨዋነት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ለሕዝብ ተወካይ ሲሆን ግን ምን መዘዝ እንደሚያመጣ አባይነህ ያወቀው ዘግይቶ ነው።

አባይነህ የቀበሌው የቃሬዛ ማኅበር ዳኛ ነው። ከወረዳው ከተማ ከሞላሌ ወደ ጥድ አምባ የሚያመጣ የመኪና መንገድ አለ ይባላል፤ አለም። ነገር ግን መንደሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በቅሎ መልስ የሚባል ጉድባ ለሁለት ይቆርጠዋል። ጎርፍ በየክረምቱ ጠርዙን እየላሰ አስፍቶታል። አምቡላንስ ከማዶ ይቆማል እንጂ አይሻገርም። ስለዚህ የታመመ ሰውም ሆነ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዘው፣ በወንዶች ትከሻ ጉድባውን ወርደው፣ በዚያኛው በኩል ወጥተው ነው አምቡላንሱ ዘንድ የሚደርሱት። እያንዳንዱ አባወራ ተራ አለው። ተራው ደርሶ መምጣት ያልቻለ ሰው ምትክ ይልካል። ደንቡ ይኸው ነው፤ አባይነህ ደግሞ በደንቡ ከመጡበት ወንድሙንም አይምር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ልጁ እታገኝ የበኩር ልጇን ልትወልድ አምጣ፣ ቃሬዛው ጎርፉ እስኪጎድል ጉድባው አፋፍ ላይ ቆመ። ጎርፉ ሲጎድል ነገሩ አልፎ ነበር። እሷ ተረፈች፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። አባይነህ ያን ቀን የፊተኛውን ቀኝ ወገን ተሸክሞ ነበርና እስካሁን ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሚስቱ ጥሩሸዋ ስታነሳበት ተነስቶ በጎቹን ሊያይ ይወጣል። ዘንድሮ እታገኝ እንደገና ፀነሰች። ወሩ ሲቆጠር መውለጃዋ ነሐሴ ላይ ወደቀ። ከዓመቱ ወራት ሁሉ ተመርጦ ነሐሴ ላይ።

እንግዲህ በየካቲት የምክር ቤት አባሉ አቶ ትዕዛዙ የመረጣቸውን ሕዝብ ሊያነጋግሩ ይመጣሉ የሚል ወሬ ሲሰማ፣ አባይነህ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ሰውየው እዚሁ መንዝ፣ ዘመሮ ያደጉ ናቸው፣ እናታቸው ደግሞ የጥድ አምባ ሴት ነበሩ። በቅሎ መልስን ባይናቸው ካዩት ብዙ ማስረዳትም አያስፈልግም። ይህን እያሰበ ትንሽ እንደሄደ ግን ሌላ ሐሳብ ቀደመው። መኪናቸውስ በምን ይሻገራል? የመረጥነውን ሰው በእግሩ ጉድባ ልናስወርደው ነው? ሐሳቡ ብቻ ፊቱን አጋለው።

ወዲያው ደቦ ጠራ። ጥድ አምባ ሆ ብሎ ወጣ። ድንጋይ ተፈነቀለ፣ አፈር ተጋዘ፣ ተረገጠ፣ ተደለደለ። በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በቅሎ መልስ ከስሙ በቀር ምንም አልቀረውም፤ ሙሽራ በላዩ ብታልፍ በቅሎዋ እንኳ አትደናቀፍም ነበር። ጥሩሸዋ ለደቦው ጠላ ይዛ መጥታ ነበርና ማሰሮዋን አስቀምጣ የተሞላውን ጉድባ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ለእታገኝ ቃሬዛ ይኼን ያህል ድንጋይ ተነስቶ ያውቃል?" አለችው።

"አንቺ ደግሞ! እንግዳ እኮ ነው የሚመጣው" አላት አባይነህ።

አቶ ትዕዛዙ መጡ። መኪናቸው በተደለደለው ላይ ሳይንገጫገጭ አለፈ። ሙክት ታርዶ ነበር፤ በሉ። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ተደረበላቸው፤ ለበሱ። ከዚያ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ሕዝቡ ፊት ተቀምጠው፣ "በሉ እስቲ፣ ችግራችሁን ንገሩኝ። የመጣሁት ለዚሁ ነው" አሉ።

መጀመሪያ የተነሱት ሽማግሌ አገሩን፣ ምክር ቤቱንና የአቶ ትዕዛዙን እናት ነፍስ መረቁ። ሁለተኛው "ምን ጎድሎብን፣ ሰላሙን ያብዛልን እንጂ" ብለው ተቀመጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ገብረየሱስ ስለተደረገው ሁሉ አመሰገነ፤ ምን እንደተደረገ ግን አልጠቀሰም። አባይነህ ሲነሳ ሰዓቱ ገፍቶ ነበር።

"እንግዲህ... ትንሽ የመንገዱ ነገር ነበረ" አለ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ።

አቶ ትዕዛዙ ፈገግ አሉ። "መንገዳችሁንማ አሁን መጣሁበት አይደል? እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዞርኩባቸው ቀበሌዎች ሁሉ ይኼን የመሰለ አላየሁም። በጀቱ ትንሽ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ደግሞ ለባሰበት ነው። እናንተማ ለሌላው ትተርፋላችሁ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰው ሲስቅ ተኮሳትሮ መቆም አያምርምና አባይነህም ሳቀ። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ስለዚያ ሳቁ ሲያስብ ግን ራሱን ጠላ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በቅሎ መልስ ማሳሳቁንም አልፈለገ፤ የበልጉ ዝናብ በመጣ ሰሞን፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ የደቦውን ድንጋይ ጠራርጎ ወደ ቆላ ላከው። አባይነህ አፋፉ ላይ ቆሞ አየና ከገብረየሱስ የአቶ ትዕዛዙን ስልክ ቁጥር ወሰደ። ኔትወርክ ይበልጥ ወደሚጠራበት ኮረብታ ወጥቶ ደወለ። የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም አለች፣ ያች ሁልጊዜ ያንኑ የምትለው ሴት። በሌላ ቀንም ያንኑ አለች። የምትሰማው መስሎት አልነበረም፣ የተቀዳ ድምፅ መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን የሰው ድምፅ ሰምቶ ሳይሰናበት መዝጋት ይሉኝታ ያዘውና፣ "እሺ እህቴ፣ ሲገኙ አባይነህ ፈልጎዎት ነበር በይልኝ" ይላት ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምት ገባ። እታገኝ ከበደች። ሰኔ ሲያልቅ ደግሞ ምክር ቤቱ ለእረፍት ተዘጋና፣ ሐምሌ ላይ አቶ ትዕዛዙ በድጋሚ ይመጣሉ ተባለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይበተን ገብረየሱስ ነገሩን አነሳ። "ነገ ደቦ መውጣት አለብን። ጉድባው ክፉኛ ተበልቷል" አለና ወደ አባይነህ ዞረ። ሁሉም ወደ አባይነህ ዞሩ።

"አሁን ግን አልጠራም" አለ አባይነህ።

በየካቲት ምርቃቱን የከፈቱት ሽማግሌ በዝግታ፣ "አባይነህ፣ ምን ነካህ? ይኼ ነውር እኮ ነው። እንግዳ ጭቃ አስረግጠን ልናስገባ ነው?" አሉ።

አባይነህ ነውር መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው እሱው ስለሆነ። የመለሰችው ጥሩሸዋ ናት፤ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

"አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፣ ልጠይቅ። እኒህ ሰውዬ እንግዳ ናቸው ወይስ መልእክተኛ? እኔ ልጄን ሞላሌ ልኬው ሲመለስ ጉዝጓዝ አልጎዘጉዝለትም። 'ምን አሉህ?' ነው የምለው። እኒህን ሰውዬ ደግሞ ሰልፍ ይዘን፣ ጣታችንን ቀለም ነክረን ልከናቸዋል። የላኩትን ሰው ቁጭ አድርጎ ማብላት ከየት የመጣ ወግ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትላላችሁ፤ እናንተ ግን በሽታውን በድንጋይ ደፈናችሁት።"

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። "የላክነው ሰው" አሉ ለራሳቸው ያህል፣ ቃሉን እየቀመሱ።

"እኔን ምን ይሉኛል?" አለ ገብረየሱስ። የእሱም ጭንቀት ቀላል አልነበረም።

"በእኔ አመካኝ" አለው አባይነህ። ደቦ ሳይጠራ ቀረ።

አቶ ትዕዛዙ በሚመጡበት ቀን አገሩ በጉም ተሸፍኖ ያካፋ ነበር። አባይነህ በማለዳ ጉድባው አፋፍ ላይ ወርዶ ቆመ። የሳምንቱ ተረኞችም ቃሬዛውን ይዘው አጠገቡ ነበሩ፤ በክረምት የተለመደ ነው። የመኪናው ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ተሰማ። መኪናው ማዶ ቆመ። አቶ ትዕዛዙ በሩን ከፍተው ወረዱና፣ ወደ ጉድባው ተመለከቱ፣ ወደ ጫማቸው ተመለከቱ። አባይነህ ሮጦ አዝሏቸው ሊሻገር ምንም አልቀረው፤ እግሩን የያዘው ምን እንደሆነ ዛሬም አያውቅም። ተሻግሮ ዱላውን ብቻ አቀበላቸው።

ሰውየው አልተቆጡም። ዱላውን ይዘው ቁልቁል ወረዱ፣ አንዴ ተንሸራትተው በጉልበታቸው አረፉ፣ ተነሱ፣ ያቺን የደፈረሰች ውሃ ረግጠው ወጡ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው እያጠረ፣ "በየካቲት ደህና አልነበረም እንዴ ይኼ ቦታ? ምን ነካው?" አሉ።

"ምንም አልነካው፤ ድሮም ይኸው ነው" አለ አባይነህ። "የተነካው በየካቲት ነው። እርስዎ ይመጣሉ ሲባል እኛ ነን የደፈንነው።"

"ለእኔ?"

"ለእርስዎ። እንግዳ ነዎት ብለን።"

አቶ ትዕዛዙ ሱሪያቸው ላይ ያለውን ጭቃ በእጃቸው መጥረግ ጀምረው ተዉት። ከዚያ ተረኞቹ የያዙትን ቃሬዛ አይተው አባይነህ ያላሰበውን ጥያቄ ጠየቁ። "ለእኔ መኪና እንዲህ ማድረግ ከቻላችሁ፣ ለራሳችሁ ሴቶች ለምን አታደርጉትም?"

ጥያቄው ጥሩሸዋ ማሰሮዋን አስቀምጣ የጠየቀችው ነበር፤ አባይነህን ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

"እውነትዎን ነው፤ የሚያሳፍር ነው" አለ። "ግን ለእርስዎ የሠራነው በበጋ፣ ለአንድ ቀን መተላለፊያ ነው። ክረምቱን የእኛ ድንጋይ አይችለውም፤ ቱቦ የሚገባበት፣ በሲሚንቶ የታሰረ ነገር ይፈልጋል። ልጄ ደግሞ የምትወልደው ነሐሴ ላይ ነው።" ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ተናገረ። "የፊተኛው እዚህ ነው የሞተባት። እርስዎ አሁን የቆሙበት ላይ ቃሬዛውን አስቀምጠነው።"

አቶ ትዕዛዙ ሳይታወቃቸው ከቆሙበት ፈቀቅ አሉ።

ያን ቀን ሙክት አልታረደም፤ ቆሎና ጠላ ቀረበ። ጥሩሸዋ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ሲነሱ ምርቃታቸውን አሳጥረው፣ "ልጄ፣ ልከንህ ነበር። ምን አሉህ?" ብለው ጠየቁና ተቀመጡ። ሕዝቡ ብዙ የሚፈልገው ነገር ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ጣራ፣ የመብራቱ መቆራረጥ፣ የማዳበሪያው መዘግየት። ሁሉም ግን አስቀድመው ተመካክረው ነበርና አንድ በአንድ እየተነሱ "የእኔ ጉዳይ ከበቅሎ መልስ ቀጥሎ ይሁንልኝ" አሉ። አቶ ትዕዛዙም ቃል አልገቡም። የዓመቱ በጀት መጽደቁን፣ መጠየቅ እንደሚችሉ፣ ማዘዝ ግን እንደማይችሉ ነገሯቸው። አባይነህ ይህን ንግግር ከየካቲቱ ሳቅ ይልቅ ወደደው።

"ያም ሆነ ይህ፣ አልረሳችሁም" አሉ አቶ ትዕዛዙ ሊነሱ ሲሉ። "እናቴ የዚህ አገር ሰው ነበረች። እኔም የጥድ አምባ ልጅ ነኝ።"

"ልጅ ከሆኑማ ትከሻ አለብዎ" አለች ጥሩሸዋ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። አባይነህ ግን እንደ ማኅበር ዳኛ ብድግ አለ። "ደንባችን ነው። የዚህ ቀበሌ ልጅ የሆነ ወንድ ሁሉ የቃሬዛ ተራ አለው። ተራው ሲደርስ ይጠራል፤ መምጣት ያልቻለ ምትክ ይልካል።"

"እሺ፣ አስገቡኝ" አሉ ሰውየው እየሳቁ።

"እንግዲያው ስልክዎ መነሳት አለበት። የማይገኝን ሰው ማኅበሩ አያስገባም።"

የአቶ ትዕዛዙ ሳቅ ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። ጥቂት አሰቡና፣ "ያኛውን ቁጥር ተወው። ይኼ የግሌ ነው" ብለው ሌላ ቁጥር ሰጡት።

ፍልሰታ ገባ። ከጾሙ ሱባኤ በአንዱ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ እታገኝን ምጥ ያዛት። አባይነህ ጥሩንባ አስነፍቶ ተረኞችን ሰበሰበ፣ ወደ ሞላሌ ለአምቡላንስ አስደወለ። ቃሬዛው ሲዘጋጅ ከጣራው ሥር ቆሞ ተራቸው የደረሰውን ሰዎች በልቡ ቆጠረ። አንድ ሰው ይጎድላል። ስልኩን አወጣ፤ ከቤቱ በላይ ወዳለው ጉብታ ብቅ አለና ደወለ። ያች የስልክ ሴትዮ አልመጣችም፤ ሰው አነሳው።

"አቶ ትዕዛዙ፣ አባይነህ ነኝ፣ ከጥድ አምባ። ተራዎ ደርሷል።"

"የምን ተራ?"

"የቃሬዛ።"

በወዲያ በኩል የወንበር መንፏቀቅ ተሰማ። "ጋሽ አባይነህ፣ እኔ እኮ አዲስ አበባ ነኝ፤ ስብሰባ ልገባ ነው..."

"አውቃለሁ። እንደማይደርሱም አውቃለሁ። ደንቡ መጥራት ስለሆነ ነው።"

ያን ጊዜ ከታች "አንሱ!" የሚል ድምፅ መጣ። አባይነህ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ሮጠና የፊተኛውን ቀኝ ያዘ።

መንገዱ አንሸራታች ነበር። ሰዎቹ እየተቀባበሉ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ፤ እታገኝ አንዴ ትጮኻለች፣ አንዴ ዝም ትላለች። ለአባይነህ ከጩኸቷ ይልቅ ዝምታዋ ይከፋው ነበር። ጉድባው አፋፍ ሲደርሱ ውሃው እስከ ወገብ ነበር፤ ያቺ ከሁለት ዓመት በፊት ቃሬዛው የቆመባት ቦታ ከፊቱ ነበረች። ሰዎቹ አዩት። "እንጠብቅ?" አለ አንዱ። "አንጠብቅም" አለ። ገመድ ተወረወረ፣ ከማዶ የአምቡላንሱ ሾፌር ግንድ ላይ አሰረው። ወረዱ። "ቀኝ ከፍ! ቀስ! ያዝ፣ ያዝ!" ውሃው ወገባቸውን ይገፋል። ከኋላ አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ቦታውን ያዘ። "አባዬ" አለች እታገኝ፣ "እንዳታስቀምጡኝ።" "አላስቀምጥሽም" አላት። ቃሬዛው ዘመመ እንጂ አልወደቀም።

ወጡ። አዋላጇ በሩን ከፍታ ትጠብቅ ነበር። ጥሩሸዋ ተከትላ ገባች። መኪናው ግን አልተነሳም፤ ለመነሳት ጊዜ አልነበረም። ወንዶቹ ጭቃው ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ማንንም ሳያይ፣ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ከዚያ ከአምቡላንሱ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ መጣ፣ ቀጥሎም የጥሩሸዋ እልልታ። አባይነህ እዚያው እንደተቀመጠ አለቀሰ። አልተደበቀም።

ከደረቱ ድምፅ የሰማው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ አልገባውም። ስልኩን አውጥቶ አየው፤ አልተዘጋም ነበር።

"ጋሽ አባይነህ" ይላል ድምፁ። "ጋሽ አባይነህ፣ እዚህ ነኝ። አለሁ።" የሰውየው ድምፅ ሻክሯል። "ሁለቱም ደህና ናቸው?"

"ሁለቱም ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ይመስገን።" ስብሰባ ይገባሉ የተባሉት ሰው የትም አልገቡም ነበር። "ሁሉንም ሰማሁት" አሉ።

"እንግዲያው ተራዎን ያወቁት ይመስለኛል" አለ አባይነህ። "ዛሬ አልመጡም፤ አልፈርድብዎትም። ምትክ ግን አለብዎት።"

"ማንን ልላክ? ከዚህ ማንን እልካለሁ?"

አባይነህ ወደ ጉድባው ዞሮ አየ። ውሃው ቃሬዛው ያለፈበትን ዱካ ደምስሶት እንደ ወትሮው ይወርዳል። ለእንግዳ የሚባለውን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ "ግድ የለም፣ አይቸገሩ፣ ሲመችዎ" የሚለውን። አፉ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጠው።

"እሱን እርስዎ ይወቁት፤ ሲሚንቶም ይሸከማል" አለ። "እኛ የላክነው እርስዎን ነው።"

ከዚያ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይሰናበት ስልኩን ዘጋ።